ለአንድ ሌሊት የሚያብበውን ካክተስ ማሳደግ፦ ከቁራጭ እስከ አበባ

ሦስት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው ኖሬ፣ አበባው በፈነዳበት ሌሊት እንቅልፍ ጣለኝ። ጠዋት ስነሳ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ እርጥብ ሶፍት ተኮማትሮ ተንጠልጥሏል። ሽታው ግን ገና ክፍሉ ውስጥ ነበር። በራሴ ተናደድኩ። ማታ እምቡጡ ማበጡን አይቻለሁ እኮ! "ነገ ይሆናል" ብዬ ነው መብራት አጥፍቼ የተኛሁት።

ስለዚህ ተክል ብዙ ሰው የሚያስበው በተገላቢጦሽ ነው። ማሳደጉ ከባድ፣ አበባውን ማየቱ ቀላል ይመስለዋል። ተክሉ ግን ቻይ ነገር ነው። ሁለት ሳምንት ብትረሱት ምንም አይለውም። ብዙ ጊዜ የሚገድለው እንክብካቤ ሲበዛበት ነው። ዓይናችሁን የሚፈልገው በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታትና ለአንዲት ሌሊት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ተክሉን እንወቀው

የማወራው ስለ ኤፒፊለም ኦክሲፔታለም ነው። በብዛት "የሌሊት ንግሥት" ይሉታል። ጃፓኖች "ጌካ ቢጂን" ብለውታል፤ በጨረቃ ብርሃን ሥር ያለች ቆንጆ እንደማለት። ቻይናውያን ደግሞ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነገር ሲያጋጥማቸው የዚህን አበባ ስም ይጠሩበታል።

ካክተስ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን በረሃ፣ እሾህና አሸዋ ነው። ይሄኛው ግን የደን ልጅ ነው። አገሩ ከደቡብ ሜክሲኮ ተነስቶ ወደ መካከለኛው አሜሪካ የሚዘልቀው እርጥብ ደን ነው። እዚያም ቢሆን በብዛት የሚበቅለው መሬት ላይ ሳይሆን ዛፍ ላይ ነው። ሥሩን የሚሰደው ቅርንጫፎች መሃል በተጠራቀመ ብስባሽ ቅጠልና ቅርፊት ውስጥ ነው። የዛፉን ምግብ አይነካም፤ ተደግፎት ብቻ ይኖራል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ። ስለ አፈሩም፣ ስለ ውሃውም፣ ስለ ብርሃኑም ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከእሷ የሚመጣ ነው።

ቅጠል የሚመስለው ሰፊና ጠፍጣፋ ነገር ቅጠል አይደለም፤ ግንድ ነው። ጠርዙን ብታዩት በየተወሰነ ርቀት ገባ ገባ ያለ ነው። እነዚህን ዓይን እንበላቸው። አበባም ሆነ አዲስ ቅርንጫፍ የሚወጣው ከዓይኖቹ ነው። ሌላም ዓይነት ግንድ አለው፦ ከሥር ተነስቶ እንደ ጅራፍ ቀጥ ብሎ የሚወነጨፍ፣ ቀጭንና ድቡልቡል። ጀማሪ ሰው "ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?" ብሎ ይቆርጠዋል። ተዉት። ጠፍጣፋዎቹ ቅርንጫፎች ኋላ ላይ የሚወጡት ከእሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። "የሌሊት ንግሥት" በሚል ስም የሚጠሩ ሌሎች ተክሎችም አሉ። የዕፅዋት ተመራማሪው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 የመዘገበው ሴሌኒሴሬየስ ግራንዲፍሎረስ አንዱ ነው። እሱም በሌሊት ያብባል፤ ግንዱ ግን እንደ ገመድ ቀጭን፣ ሸንተረር ያለውና እሾሃማ ነው። የድራጎን ፍሩት ተክልም በሌሊት ነው የሚያብበው፤ ግንዱ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ በቀላሉ ይለያል። ሴስትረም ኖክተርነም የሚባለው ደግሞ ጭራሽ ካክተስ አይደለም፤ ማታ የሚሸት ቁጥቋጦ ነው። የሚያሳስቱት በቀን የሚያብቡት ቀይና ሮዝ ዲቃላ ኤፒፊለሞች ናቸው። ቁራጩን ብቻ አይቶ እነሱን መለየት እኔንም ይቸግረኛል። ስለዚህ ቁራጭ የሚሰጣችሁን ሰው ሲያብብ አይቶት እንደሆነ ጠይቁት። ነጭ ነው? የሚፈነዳው ማታ ነው? ለሁለቱም "አዎ" ካለ ተቀበሉ።

ቁራጩን መቁረጥና ማድረቅ

ከዘር ማሳደግ ይቻላል፤ ግን ዓመታት ይፈጃል። ከቁራጭ ከተነሳችሁ ብዙ ጊዜ በ2 ወይም በ3 ዓመት አበባ ታያላችሁ።

ቢያንስ ዓመት የሞላውን፣ ጠንከር ያለ ጠፍጣፋ ግንድ ምረጡ። ገና የወጣው ለስላሳና ፈዛዛ አረንጓዴው ቶሎ ይበሰብሳል። ስለታም ቢላዋ በአልኮል ጥረጉና ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁረጡ። ግንዱ ረጅም ከሆነ ከአንዱ ሦስት አራት ቁራጭ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። ቁራጩ ላይና ታች አለው። ወደ እናቱ ሥር የነበረው ጫፍ ነው አፈር ውስጥ መግባት ያለበት። አራት ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ ከደረደራችሁ በኋላ የቱ የትኛው እንደነበር ማስታወስ ዘበት ነው፤ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። እኔ የታችኛውን ጫፍ እንደ ቀስት ሾል አድርጌ እቆርጠዋለሁ። የላዩ ቀጥ ያለ፣ የታቹ ሾጣጣ። ከዚያ በኋላ መምታታት የለም።

አሁን ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል መጣ። ቁራጩን ወዲያው አትትከሉት። ፀሐይ በማያገኘው፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ወረቀት ላይ አጋድሙትና ከ7 እስከ 10 ቀን ተዉት። አየሩ እርጥበት ካለው ሁለት ሳምንትም ይሁን። መጀመሪያ የተቆረጠው ቦታ እርጥብና የሚያዳልጥ ነው። ቀናት ሲያልፉ ይደርቃል፣ ይነጣል፣ ከዚያ ይጠነክራል። ጣታችሁን ስታሳርፉበት እንደ ደረቀ ቅርፊት ከሻከራችሁ ደርሷል። ይህ ቅርፊት ቁስሉን ይዘጋዋል። ካልተዘጋ የአፈሩ እርጥበትና ሻጋታ በዚያው ይገባና ከሥር ወደ ላይ እያበሰበሰው ይወጣል። በዚህ መሃል ቁራጩ ትንሽ ይሟሽሻል። አትደንግጡ፣ ውስጡ በቂ ውሃ አለው።

ሲደርቅ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ አፈር አስገቡት። ቢያንስ አንድ ሁለት ዓይን አፈር ውስጥ ይግባ። እንዳይወድቅ በቀጭን እንጨት ደግፉት። አፈሩ እርጥብ ሳይሆን ጤዛ የነካው ያህል ይሁን። ለመጀመሪያው ሳምንት ውሃ አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላም በጥቂቱ።

ሥር ለማውጣት ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅበታል። በየሁለት ቀኑ እየነቀላችሁ አትዩ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ። ማወቅ ከፈለጋችሁ በሁለት ጣት ይዛችሁ በጣም ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉት። እንቢ ካለ ሥር ይዟል። ውሃ ውስጥ ነክሮ ሥር ማስወጣትም ይቻላል፤ ግን ውሃው ካልተቀየረ ይበሰብሳል። እኔ አልወደውም።

አፈርና ቫዞ

ዛፍ ላይ ይኖር የነበረ ተክል መሆኑን አትርሱ። ሥሩ አየር የለመደ ነው። ከጓሮ ተዝቆ የመጣ ጥቁር ጭቃ ያፍነዋል።

የእኔ ድብልቅ ይህ ነው፦ ሁለት እጅ ለቫዞ የተዘጋጀ ለም አፈር ወይም የኮኮናት ቃጫ፣ አንድ እጅ የተሰባበረ የዛፍ ቅርፊት፣ አንድ እጅ ፐርላይት ወይም ፐሚስ (ሁለቱም አፈሩን የሚያናፍሱ ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪዎች ናቸው)። ልኩ የመድኃኒት ያህል ትክክል መሆን የለበትም። ይልቅ በእጃችሁ ፈትኑት። ድብልቁን ረጠብ አድርጋችሁ አንድ እፍኝ ጨብጡ፤ እጃችሁን ስትከፍቱ መፈራረስ አለበት። ተጨብጦ ከቀረ ቅርፊት ወይም ፐርላይት ጨምሩ። ውሃ ስታፈሱበት ላዩ ላይ ሳይጠራቀም ወዲያው መስረግ አለበት። ትንሽ አሲዳማ አፈር ይወዳል፤ ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 ቢሆን ጥሩ ነው።

ቫዞው ትንሽ ይሁን። ለአንድ ቁራጭ 12 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል። ትልቅ ቫዞ ብዙ አፈር፣ ብዙ አፈር ብዙ እርጥበት ይይዛል። ደግሞም ሥሩ ተጨናንቆ ሲኖር የተሻለ ያብባል። ከታች ቀዳዳ የሌለውን ቫዞ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለሌላ ነገር አድርጉት። ተክሉ ሲያድግ ወደ አንድ ጎን ስለሚያጋድል ከበድ ያለ የሸክላ ቫዞ ይመረጣል። አለበለዚያ ስቀሉት። ቫዞ መቀየር በ2 ወይም በ3 ዓመት አንዴ፣ አበባው ካለፈ በኋላ ይበቃል፤ የሚቀጥለውም በአንድ ቁጥር ብቻ ይብለጥ።

ብርሃን

የዛፍ ጥላ ሥር የሚደርሰውን ብርሃን አስቡ። ደማቅ ነው፣ ግን የተጣራ ነው። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ይስማማዋል። የቀትር ፀሐይ ፊት ለፊት የሚያርፍበት ከሆነ ስስ መጋረጃ ጣል አድርጉ።

መብዛት ማነሱን ራሱ ተክሉ ይነግራችኋል። ግንዱ ወደ ቢጫነት ወይም ወደ ቀይነት ካዘነበለ ፀሐይ በዝቶበታል። ደረቅ፣ ቡናማ ወይም ነጣ ያለ ጠባሳ ካወጣ ተቃጥሏል፤ ያ ጠባሳ አይጠፋም። በተቃራኒው በጣም ጠቁሮ፣ አዲሱ ግንድ ቀጥኖና ተስቦ ወደ መስኮቱ ከተንጠራራ ብርሃን አንሶታል። እንዲህ ያለው ተክል ለዓመታት በሕይወት ይኖራል፤ ሲያብብ ግን አታዩትም።

ሙቀቱ ከ16 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይደላዋል። ከ10 ዲግሪ በታች አታውርዱት። ውርጭ ይገድለዋል።

ውሃ

ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ወደ አፈሩ አስገቡ። እርጥብ ነው? ተዉት። ደረቅ ነው? ከሥር እስኪወጣ ድረስ አጠጡት፣ ከዚያ ከታች የተጠራቀመውን ውሃ ድፉ። "በሳምንት ሁለቴ" የሚል ሕግ የለኝም። በሙቀት ወቅት በሳምንት አንዴ ሊሆን ይችላል፤ በቀዝቃዛ ወቅት ሁለት ሦስት ሳምንትም ያልፋል። ብቻ እንደ በረሃ ካክተስ ለወራት አታድርቁት።

አንድ የሚያሳስት ምልክት አለ። ግንዱ ተጨማድዶ ካያችሁ "ጠምቶታል" ብላችሁ ውሃ ልታፈሱ ትሮጣላችሁ። ቆይ! መጀመሪያ አፈሩን ንኩ። አፈሩ ደርቆ ከሆነ እውነትም ጠምቶታል፤ አጠጡት፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ይነፋል። አፈሩ ረጥቦ ግንዱ ከተጨማደደ ግን ሥሩ በስብሷል ማለት ነው። ውሃ ላይ ቆሞ መጠጣት አቅቶታል። ሌላ ውሃ መጨመር መግደል ነው። እኔ አንዱን እንዲህ ነው የገደልኩት። ከሥር ሳወጣው ሥሩ እንደ ተቀቀለ ክር በጣቴ መሃል ሙልጭ ብሎ ወጣ። መፍትሔው ነቅሎ፣ የጠቆረውንና የለሰለሰውን ሥር ቆርጦ፣ አድርቆ በአዲስ አፈር መትከል ነው። ሥር ጨርሶ ካልቀረ ደህናውን ግንድ ቆርጣችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ማዳበሪያና ዕረፍት

ማዳበሪያ ላይ ብዙ አልቆይም። በእድገት ወቅት የፈሳሽ ማዳበሪያውን ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው መጠን በግማሽ አቅጥናችሁ በወር አንዴ ስጡ። ናይትሮጅኑ ዝቅ፣ ፎስፈረስና ፖታሺየሙ ከፍ ያለውን ምረጡ። ናይትሮጅን ሲበዛ ግንዱ ይፋፋል፣ አበባው ይቀራል።

ከማዳበሪያው የበለጠ ለውጥ የሚያመጣው ዕረፍት ነው። በዓመቱ ቀዝቃዛ ወራት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ላይ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አካባቢ፣ አስቀምጡት። ውሃውን ቀንሱ። ማዳበሪያውን አቁሙ። ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ሳሎን ውስጥ ውሃና ማዳበሪያ የሚጎርፍለት ተክል የሚያብብበት ምክንያት አይኖረውም። ደልቶታል።

እምቡጡ ሲወጣ እጃችሁን ሰብስቡ

አየሩ ሲሞቅ ከአንዱ ዓይን ላይ ምስር የምታህል ቀላ ያለች ነጥብ ትወጣለች። መጀመሪያ አዲስ ቅርንጫፍ ትሁን እምቡጥ መለየት ያስቸግራል። ሳምንት ቆዩ። ጠፍጥፋ ከሄደች ቅርንጫፍ ናት። ድብልብል ብላ አንገት ካወጣች እንኳን ደስ አላችሁ።

ከዚህች ነጥብ እስከ አበባው ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። ተክሉ የሚቆጣው በእነዚህ ሳምንታት ነው። ቫዞውን ከቦታው አታንቀሳቅሱ። አታዙሩት። ቫዞ አትቀይሩለት። አፈሩ ጨርሶ አይድረቅ፣ ጨርሶም አይጨቅይ። ድንገተኛ ብርድ ወይም ሙቅ ነፋስ አይንካው። አንድ ጊዜ የእንቁላል አስኳል ያህል የደረሱ አራት እምቡጦች ነበሩኝ። እንግዳ ሊመጣ ነው ብዬ በደንብ እንዲታዩ ቫዞውን ወደ ክፍሉ አዞርኩት። በአምስት ቀን ውስጥ ሦስቱ ቢጫ ሆነው አንድ በአንድ ረገፉ። ከተጀመሩት እምቡጦች የተወሰኑት መርገፋቸው ግን ያለ ነው፤ ተክሉ አቅሙን አይቶ ይቀንሳል።

እምቡጡ ሲረዝም በረጅም ቀላ ያለ አንገት ወደ ታች ይንጠለጠላል። ከዚያ ቀኑ ሲቃረብ አንገቱ ይታጠፍና ጫፉ ወደ ላይ ቀና ይላል፤ ልክ እንደ ትምባሆ መጠጫ ፒፓ። ያንን ስታዩ ቀን መቁጠር ጀምሩ። እምቡጡ ይወፍራል፣ በቀላዎቹ የውጪ ቅጠሎች መሃል ነጩ ይታያል። የመጨረሻው ምልክት ከሰዓት በኋላ የሚታይ ነው፦ ቀጫጭኖቹ የውጪ ቅጠሎች ከነጩ አካል ይላቀቃሉ፣ ጫፉ ላይም እርሳስ የማታስገባ ትንሽ ቀዳዳ ትከፈታለች። ያን ካያችሁ ዛሬ ማታ ነው። "ነገ ይሆናል" አትበሉ።

ሌሊቷ

ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ገደማ መከፈት ይጀምራል። ወደ እኩለ ሌሊት ጨርሶ ይፈነዳል። ጎህ ሲቀድ አልቋል። በመጀመሪያው ሰዓት ላይ ትኩር ብላችሁ ካያችሁት እንቅስቃሴው በዓይን ይታያል። የውጪ ቅጠሎቹ ብርክ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣሉ። አንዱ ይላቀቅና ወደ ኋላ ይለጠጣል። ትንሽ ቆይቶ ሌላው። ሙሉ ሲከፈት ከአንገቱ እስከ ጫፉ 30 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ውስጡ የክር ነዶ የመሰሉ ብዙ ወንዴዎች፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ኮከብ የመሰለች ነጭ ሴቴ አለች።

ሽታው ሌላ ነገር ነው። ጣፋጭና ከባድ ነው፣ ቤቱን ይሞላዋል። ሽታ የማይስማማው ሰው ካለ መስኮት ክፈቱ። አበባው ይህን ሁሉ የሚደክመው ለእኛ አይደለም። በትውልድ ደኑ የሚጠብቀው ማታ የሚበሩ፣ ምላሳቸው ረጅም የሆነ ትልልቅ የእሳት ራቶችን ነው። ነጭ የሆነውም በጨለማ እንዲታይ ነው።

ፎቶ ስታነሱ ፍላሽ አጥፉ፤ ነጩን ድርግም አድርጎ ያጠፋዋል። በጎን በኩል ደብዘዝ ያለ መብራት አድርጉና ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፉት። አበባው ትንሽ እንዲቆይላችሁ ከፈለጋችሁ ሙሉ ሲከፈት ቆርጣችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፤ ቅዝቃዜው መጠውለጉን ያዘገየዋል። እኔ አላደርገውም፤ ግን ጠዋት የሚመጣ ሰው ካለ ያስኬዳል።

ፍሬ እንዲይዝ ብላችሁ ዱቄቱን ከወንዴው ወደ ሴቴው በብሩሽ ብታደርሱ ከራሱ ጋር ብዙ ጊዜ አይሳካም። በዘር የተለየ ሌላ ተክል ያስፈልጋል። ከአንድ እናት የተቆረጡ ሁለት ቁራጮች ደግሞ እንደ አንድ ተክል ናቸው።

አበባው ካለፈ በኋላ

የጠወለገውን አበባ ሁለት ቀን ጠብቃችሁ ቁረጡት። ያበበውን ግንድ ግን አትንኩት። ያበበችው ዓይን አብዛኛውን ጊዜ አትደግምም፤ በዚያው ግንድ ላይ ያሉት ሌሎቹ ዓይኖች ግን ተራ አላቸው። ጤናማ ተክል በአንድ ወቅት ሁለት ሦስት ዙር ሊያብብ ይችላል። መግረዝ ካስፈለገ የደረቀውን፣ የታመመውንና ለዓመታት ያላበበውን ብቻ ቁረጡ። የሚያብቡት ያረጁት ግንዶች ስለሆኑ "ላሳምረው" ብላችሁ ሙልጭ ካደረጋችሁት ቀጣዩን አበባ ይዛችሁ ጣላችሁት።

ተባይን በተመለከተ በዋናነት ሁለቱን ተጠንቀቁ። አንዱ በግንዱ መጋጠሚያ ውስጥ የሚደበቅ፣ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ነው። ሁለተኛው እንደ ትንሽ ቡናማ ቅርፊት ግንዱ ላይ ይለጠፋል፤ በጥፍር ሲነካ ይላቀቃል። ሁለቱም የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጣሉ። ጥጥ በ70 ፐርሰንት አልኮል ነክራችሁ ጥረጓቸው፤ በሳምንቱ ድገሙት፣ እንቁላላቸው ይቀራልና። ውጭ ካስቀመጣችሁት ቀንድ አውጣም አለ። ለእምቡጥ ልዩ ፍቅር አለው፣ የሚመጣውም ማታ ነው። ስለዚህ እምቡጥ በያዘ ሰሞን ከመተኛታችሁ በፊት ባትሪ ይዛችሁ የቫዞውን ጠርዝና ሥሩን አንድ ዙር እዩ።